የብርበራ ሥልጣን ምንድን ነው? አዋቂ ሰው ሲጠፋ ፖሊስ ምን ማድረግ ይችላል፣ የትኛውስ ፖሊስ?

ሰሞኑን አንድ የሕግ ተንታኝ አዋቂ ሰው ሲጠፋ ቤተሰብ ምን ማድረግ እንዳለበት ሲያስረዱ ሰማሁ። እንደ እርሳቸው አባባል ሰውየው ከጠፋ 24 ሰዓት ሳይሞላ ፖሊስ አቤቱታ እንዳይቀበል ሕጉ ይከለክለዋል፤ ሰዓቱ ከሞላ በኋላ ግን «የመፈለግ ሥልጣን» ስለሚኖረው፣ ይገኝበታል ብሎ የጠረጠረውን ቤት ሁሉ ገብቶ መፈተሽ ይችላል። የመጀመሪያውም ሁለተኛውም ትክክል አይደለም። ስሕተቱ የእርሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት ነበር፤ ነገር ግን ይህንኑ ከደንበኞቼም፣ ከጋዜጠኞችም፣ አንዳንዴም አቤቱታ እንዲቀበሉ ከተቀመጡ ሰዎች አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ጉዳቱም ቀላል አይደለም። የፊተኛው ስሕተት ቤተሰቡን እጅግ አስፈላጊ የሆነውን የመጀመሪያ ሌሊት ያሳጣዋል፤ የኋለኛው ደግሞ ሕጉ ያልሰጠውን ነገር ሲጠብቅ እንዲውል ያደርገዋል።

ስለ ሰዓቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አዋቂ ሰው መጥፋቱን ለማመልከት ይህን ያህል ሰዓት ጠብቁ የሚል አንቀጽ በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ውስጥ የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(3) የሚጠቅሰው 48 ሰዓት የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ ነው እንጂ ስለ ጠፋ ሰው የሚናገረው ነገር የለም። እንዲያውም በ1954 ዓ.ም. የወጣውና ስንሠራበት የኖርነው የሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 22፣ ፖሊስ ወንጀል መፈጸሙን ያወቀ ወይም የጠረጠረ እንደሆነ ምርመራ እንዲጀምር ያዝዘዋል፤ የደረሰው አቤቱታ ወይም ጥቆማ አጠራጣሪ መስሎ ቢታየው እንኳ መመርመሩን እንዳይተው ጨምሮ ይናገራል። ስለዚህ «ምናልባት ተጣልቶ ሄዶ ይሆናል፤ ነገ ይመጣል» የሚለው መልስ የመልስ ሰጪው ግምት ነው፤ ሕግ አይደለም። በቃል የቀረበ አቤቱታም በጽሑፍ መስፈር፣ ቀን ሊጻፍበትና ሊፈረምበት ይገባል። አመልካቹ ቃሉ ተጽፎ፣ ተነቦለትና ፈርሞበት ካልወጣ፣ ወደ ጣቢያው ሄዷል እንጂ አቤቱታ አቅርቧል ለማለት ያስቸግራል።

ዋናው አለመግባባት ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ብርበራ፣ ፖሊስ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መኖሪያ ቤት ገብቶ፣ ወይም የሰውን ኪስ፣ ሻንጣና ዕቃ ከፍቶ የሚያደርገው ፍተሻ ነው። ይህ ሥልጣን የሚመነጨው ከተጠረጠረ ወንጀል ነው፤ ሰው በመጥፋቱ ብቻ አይመነጭም። ዕድሜው 18 የሞላ ሰው ለማንም ሳይናገር ከቤቱ ቢወጣ፣ ስልኩን ቢዘጋ፣ ከተማ ቢቀይር ወንጀል አልሠራም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 12 ማንም ሰው በሚስማማው ቦታ ሊኖርና መኖሪያውንም ሊለውጥ እንደሚችል፣ በአንቀጽ 13 ደግሞ መኖሪያ ቤት የማይደፈር መሆኑን፣ ሕግ ከፈቀደው በቀር ማንም ያለ ነዋሪው ፈቃድ ሊገባበትም ሊበረብረውም እንደማይችል ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 እና 32 ይህንኑ አጽንቶታል። ጎረቤት መጠየቅ፣ ሆስፒታሎችንና የአስከሬን ክፍሎችን ማጣራት፣ በሌሎች ጣቢያዎች የተያዙ ሰዎችን ስም ማስታየት፣ ፎቶግራፍ ማሰራጨት፣ ሰውየው መጨረሻ የታየበትን መንገድ መሄድ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህም ፖሊስ «ወንጀል ስለሌለ ምንም ማድረግ አልችልም» የሚልበት ምክንያት የለውም። የሰው በር መክፈት ግን ሌላ ነገር ነው።

መስኖ ባለበት አገር ያደገ ሰው በዚህ ምሳሌ ቶሎ ይረዳኛል። ወንዙ ስለሞላ ብቻ ውኃው ማሳ ውስጥ አይገባም፤ ቦይ ያስፈልገዋል፤ የቦዩን አፍ ማን በየትኛው ተራ እንደሚከፍት የሚወስነውም የውኃ አባት ነው። የፖሊስ ጉልበት ወንዙ ነው፤ ወንጀል ተፈጽሟል የሚያሰኘው ምክንያታዊ ጥርጣሬ ቦዩ ነው፤ ፍርድ ቤቱ የውኃ አባት ነው። ቤተሰቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚሟገተው ከወንዙ ጋር ነው፤ «ይህ ሁሉ ፖሊስ እያለ!» ይላል። የጎደለው ግን ቦዩ ነው፤ ቦዩን ለመቆፈር ደግሞ ከመርማሪው ይልቅ የጠፋውን ሰው በቅርብ የሚያውቀው ሚስት፣ ወንድም ወይም የሥራ ባልደረባ ይቀርባል።

የቦዩም ስፋት የተለካ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 32 ቤት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይበረበር ከከለከለ በኋላ ሁለት ልዩ ሁኔታዎችን ብቻ ያስቀምጣል። አንደኛው፣ ፖሊስ እግር በእግር የሚከታተለው ተጠርጣሪ ወደ ቤቱ ሲገባ ወይም ወንጀል የተፈጸመበትን ዕቃ እዚያ ሲያስቀምጥ ነው። ሁለተኛው፣ ከሦስት ዓመት በላይ እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል አቤቱታ ቀርቦ፣ ማስረጃ የሚሆን ዕቃ በስፍራው ተደብቋል ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ሲኖርና ትእዛዝ እስኪወጣ ቢጠበቅ ዕቃው ይሸሻል ተብሎ ሲታመን ነው። ከዚህ ውጭ ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ በአንቀጽ 33 መሠረትም የሚፈለገው ዕቃ በትእዛዙ ላይ ተለይቶ ይጻፋል፤ ፍርድ ቤቱ በግልጽ ሌላ ካላዘዘ በቀር ብርበራው የሚፈጸመው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። የተሰረቀ ንብረት ሲፈለግ ይህ የሰዓት ገደብ ብዙ አይጎዳም ይሆናል፤ ሰው ሲፈለግ ግን ይጎዳል። በሌሊትም ለመበርበር እንዲፈቀድለት በማመልከቻው ላይ ያልጠየቀ መርማሪ፣ አመሻሽ ላይ በእጁ የገባውን ትእዛዝ ይዞ እስኪነጋ ለመጠበቅ ይገደዳል።

እነዚህ አንቀጾች የተጻፉት ዕቃን ታሳቢ አድርገው መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ሕያው ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት ይሆናል የሚለውን ሥጋት በስሙ ጠርቶ መፍትሔ የሚሰጥ ድንጋጌ አንቀጽ 32 ውስጥ አይገኝም። ይህን የሕጉ ጉድለት አድርጌ አየዋለሁ፤ ሕግ አውጪውም ሊሞላው ይገባል። ጉድለት መሆኑ ግን ፖሊስ በራሱ ሥልጣን እንዲሞላው አይፈቅድለትም።

ይህ ማለት ፖሊስ ጩኸት እየሰማ በር ላይ ይቁም ማለት አይደለም። አንቀጽ 20 ወንጀል ከሚፈጸምበት ስፍራ የድረሱልኝ ጩኸት ሲሰማ ነገሩን እንደ እጅ ከፍንጅ ይቆጥረዋል፤ በዚህ ጊዜ ምርመራ ለመጀመር አቤቱታ፣ አድራጊውን ለመያዝም የመያዣ ትእዛዝ አይጠበቅም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 75፣ የራስን ወይም የሌላውን ሰው መብት ከተቃረበና ከከባድ አደጋ ለማዳን፣ ሌላ መንገድ በታጣ ጊዜ የተደረገ ድርጊት እንደማያስቀጣ ይናገራል። ጎርፍ ሲመጣ የውኃ አባት አይጠበቅም። ሆኖም ጎርፍ መምጣቱን የሚያሳይ ነገር መኖር አለበት፤ ከተቆለፈ ክፍል የሚሰማ ማቃሰት ወይም በበር ሥር የሚታይ ደም ጎርፍ ነው፤ «ሦስት ቀን አልታየም» የሚለው ብቻውን አይደለም። በነገራችን ላይ፣ የአከራይ ትርፍ ቁልፍም የፍርድ ቤትን ትእዛዝ አይተካም፤ ቤቱ የአከራዩ ቢሆንም የመኖሪያው መብት የተከራዩ ነውና።

ፖሊስ የፈለገውን ቤት ቢከፍት ምን ይጎዳል፣ ሰው ለማዳን አይደለም ወይ የሚሉ አሉ። ድብደባ ሸሽታ ከቤት የወጣችውን ሴት ያስቡልኝ። ባልየው ፎቶግራፏን ይዞ፣ እንባውን እያፈሰሰ፣ «ባለቤቴ ጠፋችብኝ» ብሎ ያመለክታል። የተንታኙ ሕግ እውነት ቢሆን ኖሮ ፖሊስ በ25ኛው ሰዓት የእኅቷን፣ የጓደኛዋን፣ የተጠለለችበትን ቤት በር እየከፈተ ይፈልግለት ነበር። እውነተኛው ሕግ ይህን አይፈቅድም። ፖሊስ ካገኛት ማጣራት ያለበት በሕይወትና በደኅና መኖሯን፣ በፈቃዷ መሄዷንና ርዳታ መሻት አለመሻቷን ነው፤ አዋቂ ሰውን አስገድዶ ወደ ቤቱ የሚመልስበት ሥልጣን የለውም፤ አመልካቹ ባል ስለሆነ ብቻም አድራሻዋን ሊቀበል አይገባም። ይህ ጥበቃ በእውነት አደጋ የደረሰበትን ሰው ፍለጋ እንደሚያዘገይ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሊነሣ የማይገባው ጥበቃ ነው።

እንግዲህ ቦዩ እንዴት ይቆፈራል? ለገጣፎ የሚኖር፣ መርካቶ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ እንውሰድ። ማታ ሱቁን ዘግቶ መገናኛ ሲደርስ ለሚስቱ «ታክሲ ልይዝ ነው» ብሎ ደወለ፤ ከዚያ በኋላ አልታየም። ሚስቱ ጣቢያ ሄዳ «ባለቤቴ ጠፋ» ብላ ብቻ ብታስመዘግብ የተጻፈው ነገር የማንንም በር አይከፍትም። እርሷ ግን ከዚህ የበለጠ ታውቃለች፦ የዕለቱን ሽያጭ በጥሬ ገንዘብ ይዞ ነበር፤ ብድር የከለከለው ሰው ባለፈው ሳምንት እንደዛተበት የሚያሳይ መልእክት በእርሷ ስልክ ላይ አለ፤ ሌሊት ስትደውል የማታውቀው ድምፅ አንሥቶ ዘጋባት፤ በየቀኑ የሚወጋው ኢንሱሊን ቤት ውስጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሲጻፉ መርማሪው ፊት ያለው ነገር የዘረፋ፣ የሕገ ወጥ መያዝ ወይም የጠለፋ ጥርጣሬ ይሆናል፤ አንቀጽ 22 ግዴታ ያደርግበታል፣ ለተረኛ ችሎትም የሚያቀርበው ነገር ያገኛል። ኢንሱሊኑ ወንጀል አያሳይም፤ ትእዛዙ እስከ ነገ ሊቆይ የማይችልበትን ምክንያት ግን ያሳያል፤ ስለዚህ እርሱም ይጻፍ።

ስልክን በተመለከተ የሚነገረው ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግን ግንኙነት ጭምር ይጠብቃል፤ የሰውየው ጥሪ ዝርዝርና ስልኩ የነበረበት ቦታ ለዘመድ በጥያቄ ብቻ የሚሰጥ መረጃ አይደለም፤ ሕጋዊው መንገድ መርማሪው በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። መረጃው ቢገኝም ስልኩ የተገናኘው ከየትኛው የማሠራጫ ምሰሶ ጋር እንደነበር ያሳያል፤ አንድ ምሰሶ ደግሞ በአዲስ አበባ ጥቅጥቅ ባለ ሰፈር እጅግ ብዙ ቤቶችን ይሸፍናል። «ስልኩ እዚህ ሰፈር ነበር» የሚል ወረቀት ይዞ የሰፈሩን ቤቶች በየተራ ለመበርበር ትእዛዝ የሚጠይቅ መርማሪ፣ ጠንቃቃ ዳኛ ቢገጥመው ባዶ እጁን ይመለሳል። ሚስትየው ግን በራሷ ስልክ ያለውን መልእክትና የጥሪ ሰዓት ያለ ማንም ፈቃድ ማቅረብ ትችላለች፤ ብዙ ጊዜ ጉዳዩን የሚያንቀሳቅሰውም ይኸው ነው።

የትኛው ፖሊስ? የእያንዳንዱ ፖሊስ ሥልጣን በአካባቢው ወሰን ያበቃል፤ ለገጣፎ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ሆኖ በኦሮሚያ ክልል ፖሊስ ይጠበቃል፤ መገናኛና መርካቶ የአዲስ አበባ ፖሊስ ናቸው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያቋቁሙና እንዲመሩ ሥልጣን ሰጥቷል። ሰው ሁሉ «መኖሪያችሁ ወዳለበት ሂዱ» የሚለውን እንደ ሕግ ይዞታል፤ ይሁን እንጂ የሥነ ሥርዓት ሕጉ መነሻ ወንጀሉ የተፈጸመበት ቦታ ነው እንጂ የተጎጂው መኖሪያ አይደለም። ቦታው ገና ስላልታወቀ የሚቀረው መነሻ ሰውየው መጨረሻ የታየበት፣ በምሳሌያችን መገናኛ፣ ነው። ለገጣፎ ያለው ጣቢያም ቃሉን መዝግቦ ማስተላለፍ እንጂ ሴትዮዋን በሌሊት መመለስ የለበትም። ለቤተሰቡ የምመክረው በሁለቱም ቦታ እንዲያስመዘግብና አንዱ ጣቢያ የሌላውን መዝገብ ቁጥር እንዲያውቅ እንዲያደርግ ነው። አንቀጽ 33 የብርበራ ትእዛዝ በማንኛውም ፍርድ ቤት ሊሰጥ ይችላል ቢልም፣ የአዲስ አበባ መርማሪ ትእዛዙን ይዞ ክልሉ ውስጥ ሲገባ ከአካባቢው ፖሊስ ጋር ካልተቀናጀ ሥራው በር ላይ ይቆማል።

የጠፋው ሰው በመንግሥት እጅ ተይዞ ሊሆን ይችላል የሚል ምክንያት ካለ መንገዱ ብርበራ አይደለም፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 177 መሠረት አካልን ነፃ ለማውጣት የሚቀርብ አቤቱታ ነው፤ እዚህ ላይ 48ቱ ሰዓት በእርግጥ ይቆጠራል። ሰውየው የጠፋው በውጭ አገር፣ ለምሳሌ በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ከሆነ ደግሞ የኢትዮጵያ ፖሊስ እዚያ በር የማንኳኳት ሥልጣን የለውም፤ ኤምባሲውም ቢሆን የአገሩን ፖሊስ ይጠይቃል እንጂ አይበረብርም። በኢንተርፖል በኩል የሚወጣው ቢጫ ማስታወቂያ የጠፋን ሰው ለማፈላለግ የሚሰራጭ መረጃ ነው፤ የመያዣ ትእዛዝ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ አይደለም።

ተንታኙ በንግግራቸው መጨረሻ ስለ ጠፋ ሰው ሲናገሩ የጠቀሱት የ«ሁለት ዓመት» ጊዜም የፖሊስን ምርመራ የሚመለከት ስላልሆነ ቦታውን የሳተ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 154 ወሬው ሳይሰማ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው መጥፋቱ እንዲወሰን ጉዳዩ የሚመለከተው ሁሉ ፍርድ ቤትን እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ውሳኔው ንብረቱን ማን ያስተዳድር፣ ጋብቻውስ ምን ይሁን የሚለውን ለመቋጨት ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በአንቀጽ 75 ይህን ውሳኔ ጋብቻ ከሚፈርስባቸው ምክንያቶች አንዱ አድርጎታል። ሚስትየው ይህን ውሳኔ ስላገኘች የባሏ የወንጀል ምርመራ መዝገብ አይዘጋም፤ ውሳኔውን ስላልጠየቀችም መርማሪው ሁለት ዓመት እንዲጠብቅ አልተፈቀደለትም።