ከሜዳ ውጭ የሚደረግ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ጨዋታ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ከፈረንጆቹ ጥር ወዲህ ያለው ጊዜ የኮንፈረንስ ጊዜ ነው። ቡድኖች ከራሳቸው ምድብ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ይጫወታሉ፤ ብዙዎቹን አንድ ጊዜ በሜዳቸው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በባላጋራቸው አዳራሽ ይገጥማሉ። በሜዳው የሚጫወት ቡድን ያለው ጥቅም ወደ 3 ነጥብ ይገመታል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የተቀራረቡ ቡድኖች ሲገናኙ ጨዋታውን የሚለየው ብዙ ጊዜ ይህን የምታህል ልዩነት ናት። ስለዚህ እንግዳው ቡድን የሚዘጋጀው ይህችን 3 ነጥብ ለመቀነስ ነው። እንዴት እንደምትቀነስ ግን በተጫዋቾችም፣ በወላጆችም፣ በጀማሪ አሰልጣኞችም ዘንድ ሥር የሰደደ የተሳሳተ ግምት አለ።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ከባድ ጉዞ እንውሰድ፦ በማውንቴን ዌስት ኮንፈረንስ ሳን ሆዜ ስቴት ወደ ዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ። ሳን ሆዜ ከባሕር ወለል 25 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች የካሊፎርኒያ ከተማ ናት። የዋዮሚንግ ቡድን ያለባት ላራሚ ደግሞ 2,200 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። አሪና ኦዲቶሪየም የሚባለው አዳራሿ በዲቪዚዮን አንድ (በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) ካሉት ሁሉ ከፍተኛው ቦታ ላይ የሚገኝ ነው፤ በጫማ ሲለካ 7,220 ይደርሳል።

«ኳስ የትም ቦታ ያው ኳስ ነው»

በኤን ቢ ኤ እውነት ነው፤ ሁሉም የሚጫወቱት በአንድ ኩባንያ ኳስ ነው። በኮሌጅ መደበኛ ጨዋታ ግን ኳሱን የሚያቀርበው ባለሜዳው ነው። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ከናይኪ፣ ሌላው ከአዲዳስ፣ ሌላው ከዊልሰን ጋር ውል አለው። መጠኑ በደንብ የተወሰነ ነው፦ የወንዶቹ ዙሪያ 29.5 ኢንች (75 ሳንቲ ሜትር ገደማ)፣ የሴቶቹ 28.5 ኢንች። ልዩነቱ ያለው በገጹ ላይ ነው። የስፌቱ መስመር ስፋትና ጥልቀት፣ የገጹ ሻካራነት፣ ላብ ሲነካው መያያዙ ወይም ማንሸራተቱ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። ጣቱን ከስፌቱ ጋር አስተካክሎ የሚወረውር ተጫዋች ልዩነቱን በመጀመሪያው ውርወራ ያውቀዋል።

ጉዳቱ ግን በውርወራ ላይ ብቻ አይታይም። ቀድሞ የሚበላሸው የአንድ እጅ ፈጣን ቅብብል፣ ለረጅሙ ተጫዋች ወደ ውስጥ የሚሰጠው ኳስና ሩጫ ላይ የሚነጠረው ኳስ ነው። አምስት ኳስ በዚህ ተነጠቀ ማለት አምስት የማጥቃት ዕድል ባከነ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ቡድን የሚያስታውሰው ዘግይቶ ነው። የዕቃ ኃላፊው ከጨዋታው ሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ባለሜዳው የሚጠቀምበትን ኳስ ዓይነትና ሞዴል ይጠይቃል፤ ከዚያው ሞዴል ከ6 እስከ 8 ኳስ ይገዛል። አዲስ ኳስ ስለሚያንሸራትት መጀመሪያ ለቅብብልና ለማንጠር ልምምድ ይውላል። በጨዋታው ሳምንት የራስን ኳስ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ሙሉ በሙሉ በዚያ መለማመድ ነው።

ወደ ከፍታ ለሚሄድ ቡድን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ኳስ አብዛኛውን ጊዜ የሚነፋው ከ7 እስከ 9 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ነው። ሳን ሆዜ ላይ 8 የተነፋ ኳስ ላራሚ ሲደርስ የውጪው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ መለኪያው ከ11 በላይ ያሳያል። ኳሱ ይደድራል፣ ከመጠን በላይ ይነጥራል፣ ከቀለበቱም ተስፈንጥሮ ይሄዳል። ስለዚህ የግፊት መለኪያና መርፌ ከኳሱ ጋር ይጓዛሉ፤ ከልምምድ በፊትም እያንዳንዱ ኳስ ይለካል።

«ከፍታ ላይ ለመጫወት ሦስት አራት ቀን ቀድሞ መድረስ ይሻላል»

ይህ ከሁሉም የበለጠ ምክንያታዊ የሚመስል ስሕተት ነው። ላራሚ ላይ በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እንደ ሌላው ቦታ ሁሉ 21 በመቶ ነው፤ የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው 77 በመቶ ገደማ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያንሳል።

ሰውነት መልስ የሚሰጠው በደረጃ ነው። ትንፋሽና የልብ ምት ወዲያው ይፈጥናሉ። በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን የደሙ ውሃማ ክፍል ይቀንሳል፣ ሽንት ይበዛል፣ እንቅልፍ ይቆራረጣል። ቀይ የደም ሴል በሚጠቅም መጠን ለመጨመር ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ሦስት ቀን ቀድሞ የደረሰ ቡድን እንግዲህ ጉዳቱን ሁሉ ይቀበላል፣ ጥቅሙን ግን ሳያገኝ ይጫወታል። ወይ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ መቆየት፣ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ደርሶ መጫወት ነው የሚሻለው። ተማሪ ደግሞ ክፍል አለው። ስለዚህ የሚመረጠው በዋዜማው ከሰዓት በኋላ መግባት፣ ጨዋታው እንዳለቀም መመለስ ነው።

እዚህ ላይ አበሻ ወላጆች ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ «ልጄ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ላራሚ ምን ያደርገዋል?» አዲስ አበባ በእርግጥ ከላራሚ ከፍ ትላለች፤ 2,300 ሜትር ታልፋለች። ነገር ግን ደም ያገኘው መላመድ ዝቅተኛ ቦታ ላይ በተቀመጡ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ሳን ሆዜ ላይ ዓመት የኖረ ልጅ እንደ ጓደኞቹ ሁሉ አጠር አጠር እያለ እየተቀየረ መጫወት አለበት፤ «እኔን አይነካኝም» ብሎ ሳያርፍ የሮጠ እንደሆነ ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው።

ወንበር ጋ የሚቀመጥ የኦክስጅን ጣሳም አይረዳም። በሚተነፍሱበት ደቂቃ የደሙን ኦክስጅን ከፍ ያደርጋል፤ ወደ ሜዳ ተመልሶ ሁለት ጊዜ ሲሮጡ ግን የለም። የሚረዳው ወቅቱ ሲጀምር የብረት ማዕድን ክምችትን በደም ምርመራ ማየት ነው፤ ያነሰበት ተጫዋች በሐኪም ትእዛዝ ለማስተካከል ሳምንታት ይፈልጋልና። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውሃም በልክ ይሰፈራል፦ ከጨዋታው አራት ሰዓት በፊት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሊትር። 90 ኪሎ ለሚመዝን ተጫዋች ከ450 እስከ 630 ሚሊ ሊትር ይሆናል።

በዋዜማው መግባት ሲባል ደግሞ መንገዱ ራሱ ዕቅድ ያሻዋል። ከዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ላራሚ በአውቶቡስ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። አንዱ መንገድ በፎርት ኮሊንስ በኩል በዩ ኤስ 287፣ ሌላው በሻያን በኩል በአይ 80 ይወጣል። አይ 80 ከሻያን ወደ ላራሚ ሲሄድ 2,633 ሜትር ከፍታ ያለውን የሸርማን ጫፍ ያቋርጣል፤ በክረምት በነፋስና በበረዶ በተደጋጋሚ ይዘጋል። ጨዋታው ቀን ጠዋት ለመግባት ያሰበ ቡድን ይህን ሁሉ በዕድል ላይ ጥሎታል። ሁለቱንም መንገድ የሚያውቅ ሹፌር፣ የአንድ ምግብ ስንቅና የቀን ብርሃን ሳለ መጓዝ የዝግጅቱ ክፍል ናቸው።

«አየሩ ስስ ስለሆነ አወራወርን መቀየር ያስፈልጋል»

አየሩ በ20 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ ኳስን የሚገታው ኃይል ይቀንሳል። በስሌት ከታየ፣ ከ6.75 ሜትር የተወረወረ የሦስት ነጥብ ኳስ አለቃቀቁ ሳይለወጥ አሥር ሳንቲ ሜትር ገደማ አልፎ ሊሄድ ይችላል። ልዩነቱ አለ፤ ነገር ግን እጅ በሃያ ሠላሳ ውርወራ ውስጥ ራሱ ያስተካክለዋል። አወራወሩን ሆን ብሎ ዝቅ ያደረገ ተጫዋች በሁለተኛው አጋማሽ ይቸገራል፤ ያን ጊዜ እግር ስለሚደክም ኳሱ በተቃራኒው ያጥራልና። አሰልጣኝ መከታተል ያለበት የሳቱት ኳሶች የት እንደሚመቱ ነው። የቀለበቱን የፊት ብረት መምታት ከጀመሩ ያ ተጫዋች የሚያስፈልገው ምክር አይደለም፣ ዕረፍት ነው።

«ደጋፊ እንግዳን የሚጎዳው ነጻ ውርወራ ላይ ነው»

ከቅርጫቱ መስታወት ጀርባ የሚወዛወዘው ሕዝብ ዓይን ይስባል። በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጋረጃ ገልጠው አስገራሚ ትርኢት ያሳያሉ። ይሁንና በፕሮፌሽናሎቹ ዘንድ የረጅም ጊዜ መዝገብ ሲታይ የነጻ ውርወራ መቶኛ በሜዳና ከሜዳ ውጭ ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ለወርዋሪው የሚበቃው ያው የተለመደ ሥርዓቱ ነው፦ የማንጠሩ ብዛት፣ አንድ ትንፋሽ፣ ዓይን በቀለበቱ ላይ።

ደጋፊ ይበልጥ የሚሠራው በፊሽካው ላይ ነው። በኮሌጅ ዳኝነት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ዳኞች በእንግዳው ቡድን ላይ በዛ ያለ ፋውል እንደሚነፉ፣ የሁለቱ ቡድን ፋውል ሲራራቅም እንደሚያቀራርቡት አሳይተዋል። ይህ ክፋት አይደለም፤ ጩኸት በሰው ፍርድ ላይ የሚያደርገው ጫና ነው። በወንዶቹ ሕግ በአንድ አጋማሽ ሰባተኛው የቡድን ፋውል ባለሜዳውን አንድ አግብቶ ሁለተኛ የሚያገኝበት ውርወራ ይሰጠዋል፤ ከአሥረኛው ጀምሮ ሁለት ውርወራ ነው። ስለዚህ እንግዳ ቡድን ፋውሉን እንደ ገንዘብ ይቆጥባል። ከቅርጫቱ ርቆ ኳስ ለመንጠቅ እጅ አይሰደድም፤ ወደ ውስጥ የሚገባን ተጫዋች ደረትን አቅንቶ ሁለት እጅን ወደ ላይ አንስቶ መቀበል ነው። አንድ ረዳት አሰልጣኝ ሥራው ቁጥሩን መያዝ ብቻ ይሆናል፤ አራተኛው፣ አምስተኛው እያለ ለሜዳው ያሳውቃል።

«ጩኸት በድምፅ ማጉያ የምንለማመደው እንዳንፈራ ነው»

በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ አለን ፊልድሃውስ በ2017 የተለካው ጩኸት 130.4 ዴሲቤል ነበር። እዚያ ፍርሃት ያለበትም የሌለበትም ተጫዋች እኩል አይሰማም። ልምምዱ የሚያስፈልገው ሳይሰሙ መግባባትን ለመማር ነው።

በኮሌጅ አንድ ቡድን በመጀመሪያው አጋማሽ የሚያጠቃው ከራሱ ወንበር የራቀውን ቅርጫት ነው። በሁለተኛው አጋማሽ ተገላብጦ የሚከላከለው ከአሰልጣኙ በራቀው ጫፍ ይሆናል። ጨዋታው በሚወሰንበት ሰዓት ድምፁ አይደርስም ማለት ነው። ስለዚህ ሁሉም የመከላከል ለውጥ የእጅ ምልክት ይኖረዋል፦ ጡጫ ለሰው በሰው መከላከል፣ ሁለት ጣት ለዞን (እያንዳንዱ ሰውን ሳይሆን የራሱን ቦታ ለሚጠብቅበት) እንደማለት። ምልክቱን ያየ ተጫዋች ራሱም መልሶ ያሳያል፤ አምስቱም ካልመለሱ አልተሰማም ተብሎ ይቆጠራል። ስክሪን (የባላጋራ ተጫዋች ቆሞ ጠባቂውን የሚዘጋበት) ሲመጣ ደግሞ ከኋላ ያለው የጓደኛውን ወገብ ይነካል። ማጉያው በልምምድ ላይ የሚከፈተው ለአሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ፣ አምስት ለአምስት ሲጫወቱ ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ማስጮህ ጆሮ ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም።

«ትልቅ ጨዋታ ሲመጣ ልምምድ ይጨመራል፣ አዲስ ስልት ይገባል»

መጨመር ቢፈለግም ሕጉ አይፈቅድም። የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል የሆነው ኤን ሲ ኤ ኤ በውድድር ወቅት በሳምንት 20 ሰዓት፣ በቀን 4 ሰዓት ወስኗል፤ በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት ግዴታ ነው። የጨዋታ ቀን የፈለገውን ያህል ቢረዝም 3 ሰዓት ተብሎ ይመዘገባል። የግዴታ የቪዲዮ ጥናት ከሰዓቱ ይቆጠራል፣ ጉዞ ግን አይቆጠርም። ማክሰኞ ተጫውቶ ቅዳሜ ላራሚ ላይ የሚጫወት ቡድን ረቡዕ ያርፋል፤ እውነተኛ የሥራ ቀኑ ሐሙስ ብቻ ነው፤ ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ቀለል አድርጎ ይለማመድና ይጓዛል።

በዚህች ሰዓት አዲስ ስልት ማስገባት ራስን ማደናገር ነው። የኮንፈረንስ ተጋጣሚ በቪዲዮም በሜዳም አይቶሃል፤ የምትጠራቸውን የስልት ስሞች ሳይቀር ያውቃል። የሚሻለው ያንኑ የለመዱትን ስልት ስሙን መቀየርና ባላጋራ ሲዘጋው የሚመጣውን ሁለተኛ አማራጭ ማጥራት ነው። ከወንበሩ ጫፍ ያሉት ተጫዋቾች የባለሜዳውን አምስት ስድስት ዋና ስልቶች አጥንተው እንደ ባላጋራ ይጫወታሉ። ይህ ሥራቸው ማንም ባያጨበጭብለትም ለዝግጅቱ ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው ነው። ማታ በሆቴሉ ሰፊ አዳራሽ ምንጣፍ ላይ በፕላስተር መስመር ተሰምሮ እነዚያኑ ስልቶች ያለ ኳስ፣ በእርምጃ ይከልሳሉ።

«ከጨዋታው ቀን ጠዋት ብዙ መወርወር እጅ ያሞቃል»

ሹትአራውንድ የሚባለው የጨዋታ ቀን ጠዋት ቀላል ልምምድ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው፤ ዓላማውም ዓይንን ከአዳራሹ ጋር ማስተዋወቅ ነው። ቀለበቱ የትም 3.05 ሜትር ቢሆንም ጥንካሬው ይለያል፤ ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ባዶ ቦታም የርቀት ግምትን ያዛባል። ከየማዕዘኑ ጥቂት ጥቂት ወርውሮ መውጣት ይበቃል። ዋናው ምግብ ከጨዋታው አራት ሰዓት ገደማ በፊት ይበላል፦ ሩዝ ወይም ፓስታ ከዶሮ ጋር፣ ቅባቱ ያነሰ። ከፍታ ላይ ሆድ ቀስ ስለሚል የጠገበ ሰው ይከብደዋል።

«እንግዳ ቡድን ገና ከመነሻው ሙሉ ሜዳ ጫና ፈጥሮ ሕዝቡን ዝም ማሰኘት አለበት»

በባሕር ዳርቻ ከተማ ሊያዋጣ ይችላል። ላራሚ ላይ ግን በመጀመሪያዎቹ አራት ደቂቃዎች የወጣው ትንፋሽ በአሥረኛው ደቂቃ ዕዳ ሆኖ ይመጣል። በቴሌቪዥን በሚተላለፉ የወንዶች ጨዋታዎች በእያንዳንዱ አጋማሽ 16፣ 12፣ 8 እና 4 ደቂቃ ከቀረ በኋላ ኳስ መጀመሪያ ሲቆም ዕረፍት አለ። ጥሩ የመቀያየሪያ ዕቅድ የሚሠራው በእነዚህ ዙሪያ ነው፦ ከዕረፍቱ አንድ ደቂቃ በፊት ሁለት ዋና ተጫዋቾች ይወጣሉ፣ ዕረፍቱም ሲጨመርላቸው ሦስት አራት ደቂቃ ያርፋሉ፣ ሰዓቱ ግን ብዙ ሳይሄድባቸው ይመለሳሉ። በሜዳቸው ስድስት ሰባት ደቂቃ የሚቆዩት እዚህ ሦስት አራት ደቂቃ ይበቃቸዋል። ያ ደግሞ ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን ተጫዋች ይፈልጋል፤ እነሱም በየዕረፍቱ ተነስተው በላስቲክ ገመድ እግራቸውን ያሞቃሉ፣ ወደ ሜዳ ሲገቡ የማን ጠባቂ እንደሆኑና የቡድኑ ፋውል ስንት እንደደረሰ ከረዳቱ ጠይቀው ይገባሉ።