«የማይታይ ብሬድ» ምንድን ነው?

«ዝንጉርጉሩን ብሬድ ግዙ፣ ካርፕ አያየውም» የሚለው የዓሣ አጥማጆች ምክር ሰሞኑንም እንደ ቁም ነገር ሲዞር ነበር፤ ብሬድ የማጥመጃ ክር ነው፣ ካርፕ ደግሞ የሚጠመደው ዓሣ። መካሪው ቆቃ ሐይቅ ዳር ቆሞ አያውቅም መሰለኝ። አዋሽ ደለሉን ተሸክሞ የሚገባበት፣ ክረምት ላይ ሻይ በወተት የሚመስል ውሃ ነው። እዚያ ውስጥ የክር ቀለም የሚያማርጥ ዓሣ የለም።

ብሬድ ከጥቃቅን የፖሊኢትሊን ጭረቶች የተጎነጎነ ክር መሆኑን መቼም ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ክብደቱ ነው። ውሃን 1 ብንል፣ ይህ ፋይበር በእኩል መጠን 0.97 ይመዝናል፤ ስለዚህ ይንሳፈፋል። ናይሎን ክር 1.14 ስለሆነ ቀስ ብሎ ይሰምጣል፣ ፍሎሮካርቦን የሚባለው ክር ደግሞ ወደ 1.78 ስለሚጠጋ ቶሎ ይወርዳል። ቀለም እነዚህን ቁጥሮች አይነካቸውም። ተራ ብሬድ እንደ ቅጠል ተዥጎርጉሮ ቢቀባም፣ እርሳሱ (ክሩን ወደ ታች የሚጎትተው ክብደት) ታች ሲቀመጥ ክሩ ሽቅብ ቆሞ ይቀራል። ካርፕ ደግሞ ጭቃውን እየማሰ የሚበላ ጎነ ሰፊ ዓሣ ነው፤ ክሩን ባያየውም በጎኑ ይፈትገዋል። ያኔ ደንብሮ ይፈተለካል፣ አብረውት የነበሩትም ይከተሉታል። የማጥመጃው ዘንግ ጫፍ ስለተወዛወዘ «በላ!» ብላችሁ ትስባላችሁ፤ መንጠቆው ባዶውን ይመጣል።

ፒያሳን አስቡ። ከኮሪደር ልማቱ በፊት ሽቦው ከምሰሶ ምሰሶ ተንጠልጥሎ ነበር። ያንን ሽቦ ሰማያዊ ቀብታችሁ ከሰማዩ ጋር ብታመሳስሉት፣ ሶፋ ከምሮ የሚያልፍ አይሱዙ ሳይነካው ያልፍ ነበር? መላው መቅበር ነው። የተደበቀ ብሬድ ማለትም የተቀበረው ሽቦ ነው፤ ከእርሳሱ ወዲህ ያለው ቢያንስ 3 ሜትር ጭቃው ላይ የተኛ። ምሰሶው የዘንጋችሁ ጫፍ ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ክሩ መሬት የሚነካው ራቅ ብሎ ነውና ጫፉን ወደ ውሃው አዘንብሉት። የተወጠረ ሽቦ አይቀበርም፤ እርሳሱ ከረጋ በኋላ ክሩን ላላ አድርጉት። ግን የተቀበረ መስመር ሲበላሽ ከላይ ቶሎ እንደማይታወቅ ሁሉ፣ በላላ ክር ላይ ንክሻም ዘግይቶ ነው የሚደርሳችሁ። ሩቅ ስትወረውሩ መላላቱን ቀንሱ።

መርካቶም ሆነ ፒያሳ ስትገዙ፣ ማሸጊያው ላይ «ይሰምጣል» መባሉ ብቻውን አይበቃም። ባለሱቁ ከፈቀደ 10 ሳንቲሜትር ቆርጣችሁ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠይቁ፤ ይስቅባችሁ ይሆናል፣ ይሳቅ። ቁራጩን ውሃው ውስጥ በጣታችሁ አሽታችሁ ልቀቁት። ከወረደ ከበድ ያለ ፋይበር ተቀላቅሎበታል። ሳያሹ መጣል ፈተና አይደለም፤ በጉንጉኑ መሃል የታሰረው አየርና ላዩ ላይ የተቀባው ሰም የሚሰምጠውንም ያንሳፍፉታል። አዲስ ብሬድን ከነጥቅሉ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ሳሙና ማሳደር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። «ተራውንም ሳሙና ያሰምጠዋል» የሚለው ግን ውሸት ነው፤ ሳሙና አየር ያስወጣል እንጂ 0.97ን 1.1 አያደርግም።

ውፍረቱ ለካርፕ ከ0.18 እስከ 0.22 ሚሊሜትር ይበቃል። ማሸጊያ ላይ ያለው ሚሊሜትር ግን ግምት ነው፤ ጉንጉን ክር ሲጨመቅ ይጠፈጠፋልና። የጃፓኖቹ «ፒኢ» ቁጥር ከክብደት ስለሚነሳ ይሻላል፤ ፒኢ 1 ማለት 200 ዴኒየር፣ ማለትም 9,000 ሜትሩ 200 ግራም ነው። በሚሰምጠው ዓይነት ላይ ይህም ያሳስታል፤ የተጨመረው ክብደት ሁሉ ጥንካሬ አይደለም።

የሚሰምጥ ካጣችሁ ርካሹ መላ ይኸው፦ ተራው ብሬድ ጫፍ ላይ ከ5 እስከ 10 ሜትር የሚሆን 0.35 ወይም 0.40 ሚሊሜትር ናይሎን ቀጥሉበት። ጭቃው ላይ የሚተኛው እሱ ይሆናል፤ ድንጋይ ባለበትም ብሬዱን ከመቆረጥ ያተርፋል፣ ምክንያቱም የተወጠረ ብሬድ ስለት ላይ አይበረታም።

ሪሉ (ክሩ የሚጠቀለልበት መዘውር) ላይ ስትጠቀልሉ ከሥሩ ጥቂት ናይሎን ይቅደም፤ ያለዚያ ፖሊኢትሊን ስለሚያንሸራትት ጥቅሉ በሙሉ ባዶውን ይዞራል። ወጠር አድርጋችሁ ጠምጥሙ፣ ካልሆነ የላይኛው ከታችኛው ውስጥ ሰርስሮ ገብቶ ስትወረውሩ ይተበተባል። ቋጠሮው ፓሎማር የሚባለው ይሁን፤ ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ፋይበሩ በ145 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ደረቅ ፍትጊያ ያዳክመዋል። ናይሎን ከመበጠሱ በፊት ከ20 በመቶ በላይ ሲለጠጥ ብሬድ 3 ወይም 4 ብቻ ስለሆነ፣ ድራጉን (የሪሉን ፍሬን) ላላ ካላደረጋችሁ መንጠቆው የዓሣውን አፍ ቀድዶ ይወጣል። አውሮፓ ውስጥ ብዙ የካርፕ ኩሬዎች ብሬድን የሚከለክሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ጉዳት ነው።

ቁርጥራጩን ዳር ላይ አትጣሉ፤ አይበሰብስም፣ ባቱ ላይ ደግሞ የፔሊካንና የአባ ኮዳ እግር ይጠላለፍበታል። ታች የሆነ ነገር ከያዘው በእጃችሁ ጠምጥማችሁ እንዳትስቡ፤ ሥጋ ይቆርጣል። ወፍራም እንጨት ላይ ጠምጥሙት፣ ዘንጉን ወደ ጎን አስቀምጡ፣ ፊታችሁን አዙራችሁ ወደኋላ ተራመዱ።