ጅማ ላይ የፍልሰትንና የፍልሰት ፖሊሲን ታሪክ ማጥናት

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ጅማ ለፍልሰት ታሪክ ጥናት የምትመች ከተማ ናት። የባሪያ ንግድ፣ የቡና ለቀማ ጉዞ፣ የደርግ ሰፈራና የዐረብ አገር ጉዞ ሁሉም በአካባቢው ዱካ ትተዋል። ጥናቱን የሚያከብደው የወረቀት ማነስ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ መንግሥት የመዘገበው ለቀረጡ፣ ለራሽኑ ወይም ለመታወቂያው የፈለገውን ተጓዥ ነው። የዘመኑን ሕግ ሳያነብ መዝገብ የሚቆጥር ተመራማሪ የሕጉን ጥላ ሲቆጥር ይውላል።

መጀመሪያ የሚያደናቅፈው ቃል ነው። «ፍልሰት» የመጽሐፍ ቃል ስለሆነ «ከቤታችሁ የፈለሰ ሰው አለ?» ለሚል ጥያቄ «የለም» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል፤ «ዐረብ አገር የሄደ ልጅ አለ?» ሲባል ግን ወሬው ይጀመራል። «ስደተኛ» ደግሞ ከጦርነት የሸሸውንም እንጀራ ፍለጋ የወጣውንም ስለሚጠራ፣ ሕግ የሚለያቸውን ሁለት ሰዎች ያደባልቃል። በአፋን ኦሮሞ «ጎዳንሳ» ቦታ ለቅቆ መሄድ ሲሆን «በቀታ» የሸሸ ሰው ነው። መጠይቁን አንድ ሰው ወደ ኦሮምኛ ይመልሰዋል፤ አማርኛውን ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ መልሶ ወደ አማርኛ ያመጣዋል። ሁለቱ አማርኛዎች ካልተገናኙ መጠይቁ ይታረማል።

ከኬላ እስከ አዋጅ

ጅማ ከሊሙ ኤናሪያ፣ ከጎማ፣ ከጉማና ከጌራ ጋር ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዷ ነበረች። በድንበር ላይ «ሞጋ» የሚባል ሰው የማይሰፍርበት መሬት ይተዋል፤ መግቢያና መውጫው ኬላ ነው፤ አላፊ አግዳሚውን የሚቆጣጠረው አባ ኬላ ነው። ፖሊሲ የሚለው ስም ሳይኖር ፖሊሲው ነበረ ማለት ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር (እ.ኤ.አ. 1878–1932) ለአፄ ምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ሲቆዩ የሩቅ ነጋዴ ይቀበሉ ነበር። የነጋዴ ሰፈር «መንደራ» ይባል ነበር፤ ቃሉ ዛሬም መንደራ ቆጪ በሚለው የቀበሌ ስም ውስጥ አለ።

የዛሬዋ ጅማ ከተማ ባለችበት በሂርማታ የሐሙስ ገበያ ባሪያ ይሸጥ ነበር። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት ባርነትን የሚገድብ ሕግ ወጣ፤ ሙሉ ክልከላው የመጣው በ1934 ነው። እነዚህን ዓመታት የንግዱ ማቆሚያ አድርጎ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው። የሕጉ ዓመት የሚነግረን ሕጉ መቼ እንደወጣ ብቻ ነው።

የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 በፍልሰት ጥናት ዝርዝር ውስጥ እምብዛም አይገባም፤ መግባት ግን አለበት። መሬት በገበሬ ማኅበር አባልነት ሲታደል፣ ቅጥር የእርሻ ሥራም ሲከለከል፣ አገሩን ለቅቆ የሚሄድ ሰው መሬቱን ማጣት መጣበት። ከኅዳር 1977 ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ራሱ ሰውን አነሣ፤ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ገደማ ሰዎች ከፋን፣ ኢሉባቦርንና ወለጋን ወደመሰሉ ቦታዎች ተወሰዱ። በ1995 የተጀመረው ሰፈራ በክልል ውስጥ ሆኖ በሦስት ዓመት 440,000 አባወራዎችን ለማስፈር ያቀደ ነበር። ሰፋሪው የቀድሞ መሬቱን ለሦስት ዓመት የመያዝ መብት ስለተሰጠው አንድ ቤተሰብ በሁለት ቦታ መዝገብ ላይ ሊገኝ ይችላል። ስም ሲደገም ያየ ጀማሪ ስሕተት መስሎት አንዱን ይሰርዛል፤ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

ወደ ውጭ የሚኬድበትን ሥራ በተመለከተ አዋጆቹን በቅደም ተከተል ማንበብ ይበቃል፦ 104/1990፣ 632/2001፣ 923/2008፣ ከዚያም ማሻሻያው 1246/2013። ከጥቅምት 2006 እስከ 2010 የቆየው እገዳ በመካከል አለ። በእገዳው ዓመታት ሕጋዊ ተጓዥ አለመመዝገቡ ጉዞው ቆሟል ማለት አይደለም፤ ጉዞው ወደ ደላላው ደብተር ዞረ እንጂ።

መዝገቦቹና ወጥመዶቻቸው

የትብብር ደብዳቤው ከዩኒቨርሲቲው ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳል። ደብዳቤው «ስለ ፍልሰት» ብቻ ካለ ቀበሌው የትኛውን ፋይል እንደሚያወጣ ስለማያውቅ የሚፈለገው ሰነድ በስሙ ይጠራ፤ ለምሳሌ «ገቢና ወጪ መሸኛ»።

መሸኛ ሰው ቀበሌ ሲቀይር ይዞት የሚሄደው ደብዳቤ ነው። ስም፣ የመነሻ ቀበሌ፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም አለው፤ በአዲሱ ቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ይጠየቃል። የሚጠቅመውም የሚያስተውም ይኸው ነው፤ መታወቂያ የማይፈልገው ለቃሚ፣ ሌሊት የወጣችው ልጅና ዘመድ ቤት የተቀመጠው ተማሪ በውስጡ የሉም። ቀኑም የጽሕፈት ቤት ቀን ነው፤ ሰውዬው ከመጣ ዓመት አልፎት ሊሆን ይችላል።

የቡና ለቃሚው ከቆጠራም ያመልጣል። ለቀማው ዋና የሚሆነው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሲሆን የ1999 ቆጠራ ቀን ግንቦት 20 ነበር፤ በዚያ ወር ከዳውሮና ከከምባታ የሚመጣው ለቃሚ አገሩ ነው። የ1987ቱ ቆጠራ ቀን ጥቅምት 1 ስለነበር ሁለቱን ሲያወዳድሩ ወቅቱን አለመርሳት ነው። የጅማ ከተማ ሕዝብ በ1987 88,867፣ በ1999 120,960 ነበር። ከጭማሪው ስንቱ ወሊድ፣ ስንቱ ፍልሰት እንደሆነ ድምሩ አይናገርም፤ የትውልድ ቦታና የኑሮ ዘመን ሠንጠረዦች መታየት አለባቸው።

ዘመን አቆጣጠር ሌላው ጣጣ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛው ዓምድ 2008 ያለውን በእንግሊዝኛው 2016 ይለዋል። የድሮ የዐረብኛ ጽሑፎች በሂጅራ ናቸው፤ 1300 ሂጅራ የገባው በኅዳር 1875፣ 1350 ደግሞ በግንቦት 1923 ነው። ሃምሳው የሂጅራ ዓመት ወደ 48 ዓመት ተኩል ይወርዳል። ስለዚህ ዓመቱ መጀመሪያ በሰነዱ አቆጣጠር እንዳለ ይገለበጣል፤ የተቀየረው ከጎኑ ይጻፋል። ቀይሮ ብቻ የጻፈ ሰው ስሕተቱን መልሶ አያገኘውም።

በቃል ታሪክ «ስንት ዓመትህ ነው?» ብሎ መነሣት ለ40፣ ለ50፣ ለ60 ይዳርጋል። «ጣልያን ሲወጣ ተወልደሃል?»፣ «መሬት ላራሹ ሲታወጅ አግብተሽ ነበር?» እያሉ ማጥበብ ይሻላል። «የት ተወለዱ?» ሲባል «ከፋ» የሚል መልስ ከመጣም አይታለፍ። ጅማ በደርግ ጊዜ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ስለነበረች ያ ሰው የቦንጋ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ከአጋሮ ወይም ከዚያው ከጅማ ሰፈር ያልወጣም ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የሚጠየቀው የልጅነቱ ገበያ በየትኛው ቀን፣ የት ይውል እንደነበር ነው።