ርዕሳነ መምህራንን ከብዙ ወገን በሚሰበሰብ ግብረ መልስ ማብቃት፦ ባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ

ከብዙ ወገን የሚሰበሰብ ግብረ መልስ ርዕሰ መምህሩ ስለ አመራሩ አብረውት ከሚውሉት ሁሉ የሚሰማበት አሠራር ነው። እሱ መጠይቁን ስለ ራሱ ይሞላል፤ ያንኑ መጠይቅ መምህራን፣ ምክትሎቹና የጉድኝት (የተጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሱፐርቫይዘሩ ይሞሉታል። ተማሪዎችና ወላጆች የሚጠየቁት በዓይናቸው ስለሚያዩት ነገር ብቻ ነው። ብዙዎች «ባለ360 ዲግሪ ምዘና» ይሉታል። እዚህ ላይ የሚነሳው ግን ለሹመትና ለደረጃ የሚሰበሰበው ነጥብ ሳይሆን መሪውን ለማብቃት የሚሠራበት ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ አሠራሩ ይበላሻል።

መነሻው ከትምህርት ቤት ውጭ ነው። የነዳጅ ኩባንያው ኤሶ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሠራተኞች ስለ አለቆቻቸው የሚሉትን በመጠይቅ ሰብስቧል። በትምህርቱ ዓለም ተመራማሪው ፊሊፕ ሃሊንገር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያዘጋጀው ባለ50 ጥያቄ የርዕሰ መምህራን አመራር መለኪያ በብዙ አገሮች ተሠርቶበታል። በአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ቫል-ኤድ የተባለ ሌላ የአመራር መለኪያ ደግሞ 72 ጥያቄዎች አሉት። መልስ ሰጪው ነጥብ ከመስጠቱ በፊት ማስረጃውን ከየት እንዳገኘ፣ ራሱ አይቶ ይሁን ከሰው ሰምቶ ወይስ ከሰነድ፣ ምልክት ያደርጋል። ለእኛም መወሰድ ያለበት ይህ ነው፤ የሰማውን እንዳየ አድርጎ የሚሞላ ሰው የትም አይጠፋም።

ባሕር ዳር ለትምህርት ባለሙያ ሥልጠና አዲስ አይደለችም። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ለገጠር የሚሆን ሁለገብ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ባለሙያ ለማፍራት የተቋቋመ ነበር። በኋላ የመምህራን ኮሌጅ ሆነ፤ ከፖሊቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶም እ.ኤ.አ. በ2000 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ።

አሠራሩ የሚጠይቃቸው ወገኖችም በየትምህርት ቤቱ አሉ። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት አለ፤ ሱፐርቫይዘር አለ። የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራምም ከአራቱ ዓበይት ጉዳዮቹ አንዱን ለአመራር ሰጥቶ ትምህርት ቤቱ ራሱን እንዲገመግም ያዛል። የጎደለው መልስ ሰጪው የሚተማመንበት ከለላ ነው። የመምህሩን የሥራ አፈጻጸም የሚሞላው ርዕሰ መምህሩ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ስም በሚታወቅበት ወረቀት ላይ ለአለቃው ዝቅተኛ ነጥብ የሚሰጥ መምህር ጥቂት ነው። ፍርሃት ባይኖር እንኳ ይሉኝታ አለ፤ ሁሉም ከፍተኛውን ነጥብ፣ 5፣ ከሰጠ ደግሞ ርዕሰ መምህሩ የሚማርበት ነገር አያገኝም።

በደቅ ደሴት ወይም በዘጌ መንደሮች ያለ፣ መምህራኑ በጣት የሚቆጠሩ ትምህርት ቤት ሲሆን ችግሩ ይብሳል። በእጅ የተጻፈ አስተያየት ባለቤቱን ወዲያው ያሳብቃል፤ «ይቺ የእገሌ ጽሑፍ ናት» ይባላል። ስለዚህ ከሦስት ሰው ያነሰ መልስ ለብቻው ተለይቶ አይቀርብም፤ ከሌላ ቡድን ጋር ይደመራል። አስተያየቱን ከግቢው ውጭ ያለ ሰው፣ ለምሳሌ ከሌላ ጉድኝት የመጣ ባለሙያ፣ በኮምፒውተር ይጽፈዋል። ማንበብ ለማይችል ወላጅ ጥያቄው በቃል ይነበብለታል፤ አንባቢው የትምህርት ቤቱ ባልደረባ መሆን የለበትም፤ የቀበሌ ሹምም እንዲሁ።

ጥያቄው ራሱ የሚታይ ድርጊት ላይ ማረፍ አለበት። «ርዕሰ መምህሩ ጥሩ መሪ ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስገኝም። «ክፍል ገብተው ትምህርቴን ካዩ በኋላ በዚያው ሳምንት አብረን ቁጭ ብለን እንወያያለን» የሚለው ግን ያስገኛል። ርዕሰ መምህሩ ለዚህ ለራሳቸው 5 ሰጥተው የመምህራኑ አማካይ 2 ቢሆን፣ ዋናው ትምህርት ያለው በልዩነቱ ውስጥ ነው። ምናልባት እሳቸው በኮሪደር ያሏትን አንዲት ቃል ውይይት ብለው ቆጥረዋት ይሆናል።

ውጤቱን በተመለከተ ምርምሩ ልክን ያሳውቃል። ተመራማሪው ስሚዘርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 በ24 ጥናቶች ላይ ባደረጉት ዳሰሳ መሻሻሉ በጥቅሉ አነስተኛ ሆኖ አግኝተውታል። ዎከርና ስሚዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት የአምስት ዓመት ጥናት ግን ውጤታቸውን ይዘው ከሠራተኞቻቸው ጋር የተነጋገሩ ኃላፊዎች ካልተነጋገሩት ይበልጥ ተሻሽለዋል። እኔም ገንዘቡና ጊዜው መዋል ያለበት በዚህ ንግግር ላይ ነው ባይ ነኝ፤ መጠይቅ ማባዛት ቀላሉ ሥራ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በሥራ ላይ ባሉትም ሰው ሐሳቡን በወረቀት ለማስፈር ቢያመነታ አይፈረድበትም። በእንዲህ ያለ ጊዜ በጥቂት ጥያቄዎችና በፈቃደኛ ርዕሳነ መምህራን መጀመር ይሻላል። ርዕሰ መምህሩ ውጤቱን ከአማካሪ ጋር ያነብባል፤ ሁለት ነገር ብቻ ይመርጣል፤ በመምህራን ስብሰባም «ይህንና ይህን ላሻሽል ነው፤ እርዱኝ» ብሎ ይናገራል። ማን ምን አለ ብሎ አይጠይቅም። በዓመቱ እነዚያው ጥያቄዎች ይደገማሉ፤ ወረቀቱም የርዕሰ መምህሩ ሆኖ ይቀራል፤ ወደ ወረዳው የሠራተኛ ፋይል አይገባም።