የፖከር ሽልማትን ከባከር ጋር መካፈልና ታክሱ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ የፖከር (የካርታ ቁማር) ውድድሮች ላይ ብዙ ተጫዋች ብቻውን ከፍሎ አይገባም። የዎርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር ዋናው ውድድር መግቢያ 10,000 ዶላር ነው። ተጫዋቹ ግማሹን ከኪሱ ያወጣል፣ ቀሪውን ጓደኞቹ ይሞሉለታል፣ ካሸነፈ እንደየድርሻቸው ይካፈላሉ። ገንዘብ ያወጡት ሰዎች ባከር ይባላሉ። ጣጣው የሚመጣው ካሸነፉ በኋላ ነው፤ በተለይ እንደ እኛ በቃል ተስማምቶ፣ በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ተላልኮ ነገሩን መጨረስ ለሚወድ ሰው። በየጊዜው የምሰማቸውን የተሳሳቱ ሐሳቦች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ካሲኖው ወረቀት ካልሰጠኝ ታክስ የለብኝም»

አለብህ። ደብሊው-ቱ-ጂ የሚባለው ወረቀት ካሲኖው ያሸነፍከውን ለአይአርኤስ፣ ማለትም ለአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ የሚያሳውቅበት ነው። በፖከር ውድድር ለዓመታት ይሰጥ የነበረው መግቢያው ተቀንሶ ትርፉ ከ5,000 ዶላር ሲያልፍ ነው። ያ ገደብ የካሲኖው ግዴታ የሚጀምርበት እንጂ የአንተ አይደለም። ረቡዕ ማታ 800 ዶላር ካተረፍክ 800 ዶላሩ ገቢ ነው።

«ወረቀቱ በእኔ ስም ቢመጣም ግማሹን ስለሰጠሁ ግማሹን ብቻ እጽፋለሁ»

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። መግቢያው 10,000 ዶላር ነበር እንበል። አንተ 5,000 አወጣህ፣ አንዱ ጓደኛህ 3,000፣ ሌላኛው 2,000። ውድድሩ 110,000 ከፈለህ። መግቢያው ሲቀነስ ደብሊው-ቱ-ጂው ላይ 100,000 ዶላር ተጽፎ፣ ስምህና ሶሻልህ (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርህ) ሰፍሮበት ይመጣል። ያንተ እውነተኛ ትርፍ 50,000 ነው። ግን አይአርኤስ ጋ የደረሰው 100,000 ነው። የአይአርኤስ ኮምፒውተር ካሲኖው የላከውን አንተ ፋይል ካደረግከው ጋር ያስተያያል፣ ካልገጠመ ደብዳቤ ይመጣል። ያን ጊዜ «የጓደኞቼ ነው» ማለት ብቻውን አያወጣህም። ማስረጃ ይጠየቃል።

ለዚህ የተዘጋጀ ፎርም አለ፣ ቁጥሩ 5754 ነው። ካሸሩ ጋ ስትደርስ ከላይ ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ይጻፋል፣ ከሥር ደግሞ የእያንዳንዱ ተካፋይ ስም፣ አድራሻ፣ ሶሻልና የሚደርሰው ገንዘብ ይሞላል። ፎርሙን አይአርኤስ ጋ አትልከውም፣ ለካሲኖው ነው የምትሰጠው። ካሲኖው በዚያ መሠረት ለእያንዳንዱ የየራሱን ደብሊው-ቱ-ጂ ያወጣል። ያኔ ያንተ ወረቀት 50,000 ይላል፣ ነገሩ አለቀ። ችግሩ አንዳንድ ካሲኖ ለፖከር ውድድር ይህን ፎርም ለመቀበል ያንገራግራል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካሸር ፊት ቆመህ የጓደኛህን ሶሻል በስልክ መጠየቅም አይመችም። ስለዚህ ሳትመዘገብ በፊት ጠይቅ፣ የባከሮቹንም መረጃ ይዘህ ግባ።

ካሲኖው እምቢ ካለ ታክስ የሚሠሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን 100,000 ያሳዩና የሌሎቹን ድርሻ በግልጽ ጽፈው ይቀንሳሉ፣ ለባከሮቹም ፎርም 1099 (ለሌላ ሰው የተከፈለን ገንዘብ ለአይአርኤስ የሚያሳውቅ ወረቀት) ያወጣሉ። ይህ የሚያስኬደው ግን ከውድድሩ በፊት የተጻፈ ስምምነትና የገንዘብ ዝውውር ማስረጃ ካለህ ነው። ማን ስንት በመቶ ገዛ፣ ስንት ከፈለ፣ ቀኑ መቼ ነው፣ ኪሳራ ቢኖር እንዴት ይታሰባል። አንድ ገጽ ይበቃል። ቀኑ የግድ ካርድ ከመታደሉ በፊት መሆን አለበት፣ ካሸነፍክ በኋላ የተጻፈ ወረቀት ማንንም አያሳምንም።

የቃል ስምምነት የት እንደሚያደርስ ማየት የሚፈልግ የጄሚ ጎልድን ጉዳይ ያስታውስ። በ2006 ዋናውን ውድድር አሸንፎ 12 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ክሪስፒን ሌይዘር የሚባል ሰው «ግማሹ የእኔ ነው፣ በቃል ተስማምተናል» ብሎ ከሰሰው። 6 ሚሊዮኑ በፍርድ ቤት ታገደ፣ በ2007 ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማምተው ጨረሱ። የተፈረመ አንድ ወረቀት ቢኖር ያ ሁሉ አይመጣም ነበር።

«ለባከሮቹ የሰጠሁትን በቁማር ኪሳራ አስገባዋለሁ»

የጓደኛህ ድርሻ የተበላ ገንዘብ አይደለም፣ መጀመሪያውኑም የእሱ ነው። በዚያ ላይ ኪሳራ የሚቀነሰው አይተማይዝ ካደረግክ፣ ማለትም ተቀናሾችህን አንድ በአንድ ዘርዝረህ ካቀረብክ ነው፣ ጠቅላላ ገቢህን አይነካውም። ኡበር እየነዳህ በኦባማ ኬር ድጎማ ኢንሹራንስ የያዝክ ከሆነ ያልደረሰህ 50,000 ዶላር ገቢህ ላይ ተደምሮ ድጎማውን ሊያሳጣህ ይችላል።

በዛ ላይ ከ2026 ጀምሮ ሕጉ ከብዷል። በጁላይ 2025 በተፈረመው ሕግ መሠረት የሚቀነሰው ከኪሳራህ 90 በመቶው ብቻ ነው፣ ያውም ካሸነፍከው ሳይበልጥ። ዓመቱን ሙሉ 100,000 አሸንፈህ 100,000 የተበላህ ሰው ምንም ሳይተርፍህ በ10,000 ዶላር ላይ ታክስ ትከፍላለህ። ፖከርን ሥራዬ ብለው የያዙትም ከዚህ አያመልጡም። በእኔ እምነት ይህ ፍትሕ የጎደለው ሕግ ነው፣ ግን እስካለ ድረስ የሌላ ሰው ድርሻ በስምህ እንዳይመዘገብ ከበፊቱ የበለጠ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

«እቁብ ታክስ የለውም፣ ይህም እንደ እቁብ ነው»

አይደለም። እቁብ ሲደርስህ የምትወስደው የራስህን መዋጮ ነው፣ ዙሩ ሲያልቅ ማንም አላተረፈም። ባከር ግን 3,000 ዶላር አውጥቶ 33,000 ሲቀበል 30,000 አትርፏል፣ ታክሱም የእሱ ነው። «ስጦታ ነው» ማለትም አይሠራም። ስጦታ ያለ ግዴታ የሚሰጥ ነው፣ ይህ ግን በስምምነት የሚከፈል ዕዳ ነው። የ19,000 ዶላሩ የስጦታ ገደብ እዚህ ቦታ የለውም።

«በ9,000 በ9,000 እየከፋፈልን በጥሬው እንውሰድ»

ይህን የሚመክርህን ሰው አትስማ። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲወጣ ካሲኖው ሪፖርት ያደርጋል፣ ሪፖርቱ በራሱ ምንም አያመጣብህም። ሪፖርቱን ለማምለጥ ብሎ መከፋፈል ግን የፌዴራል ወንጀል ነው፣ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ።

«ሶሻሌን ባልሰጥ ይሻለኛል»

ከሰጠህ ካሲኖው ከፖከር ውድድር ሽልማት ታክስ የመቁረጥ ግዴታ የለበትም። ካልሰጠህ 24 በመቶ ይቆርጣል።

«አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ 20 በመቶ ገዝቷል፣ እሱን አይመለከተውም»

ይመለከተዋል። የአሜሪካ ዜጋም ነዋሪም ላልሆነ ሰው የቁማር ትርፍ ላይ የሚቆረጠው 30 በመቶ ነው፣ ወረቀቱም 1042-ኤስ ይባላል። እንግሊዝ፣ ጀርመን፣ ጣሊያን ወይም ስዊድን የሚኖር ሰው በታክስ ስምምነት ነጻ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት የላትም። ወንድምህ 20 በመቶ ሲገዛ ይህን አስቀድመህ ንገረው፣ በኋላ «በላህብኝ» እንዳይልህ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግን እንደ ነዋሪ ነው የሚታየው።

«ባከሮቹን ዛሬ ልክፈል፣ ታክሱን ኤፕሪል ላይ አስብበታለሁ»

ካሲኖው ምንም ካልቆረጠ በዓመቱ ውስጥ ራስህ በአራት ጊዜ መክፈል አለብህ። ጁላይ ላይ ያሸነፍከው ክፍያ ሴፕቴምበር 15 ይደርሳል፣ ካዘገየህ ቅጣት ይታሰብብሃል። የፌዴራሉ ብቻ አይደለም፣ ኔቫዳ የገቢ ታክስ ባይኖራትም ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግን አላቸው፣ የቨርጂኒያ ነዋሪ ቬጋስ ሄዶ ቢያሸንፍም ለቨርጂኒያ ይከፍላል። ስለዚህ 5754 ካልተሞላና ሙሉው በስምህ ከሆነ፣ ድርሻውን ከማከፋፈልህ በፊት አካውንታንትህ ጋ ደውል፤ ባከሮቹም ቢሆኑ ሁለት ቀን ቢጠብቁ አይከፋቸውም።