የሮም ዲናር፦ ፊቱና ጀርባው

ዲናር የጥንታዊት ሮም ዋነኛ የብር ሳንቲም ነው። መመታት የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ዓመት ገደማ፣ ሮም በሰሜን አፍሪካ ከነበረችው ከካርቴጅ ጋር ሁለተኛውን ጦርነት ስትዋጋ ነው። መጀመሪያ ላይ 4.5 ግራም ያህል ይመዝን ነበር። በፊቱ ሮማ የተባለችው አምላክ የራስ ቁር ደፍታ ትታያለች። በጀርባው መንትዮቹ ካስቶርና ፖሉክስ ፈረስ ይጋልባሉ።

ስሙ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በወንጌል «የግብሩን ብር አሳዩኝ» ሲባሉ ያመጡት ዲናር ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በአዱሊስ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች ጥቂት ዲናር ይገባ እንደነበር የዘመኑ የንግድ ጽሑፍ ይጠቅሳል።

ሳንቲሙን የሚያስመቱት ወጣት ሹማምንት ነበሩ። አጋጣሚውን ዘራቸውን ለማወደስ ተጠቀሙበት። የሜቴሉስ ቤተሰብ ለምሳሌ ዝሆን ያስቀርጽ ነበር፤ አንድ አያታቸው የካርቴጅን ዝሆኖች ማርኮ ነበርና።

በሕይወት ያለ ሰው ግን መልኩን በሮም ሳንቲም ላይ አያወጣም ነበር። ይህን ልማድ በ44 ቅ.ል.ክ. ዩልዮስ ቄሳር ጣሰው። ብዙም ሳይቆይ ተገደለ። ከገዳዮቹ አንዱ ብሩተስ ያስመታው ዲናር ከሁሉም ይገርማል። በጀርባው ሁለት ጩቤዎች አሉ። በመሃላቸው ነፃ የወጣ ባሪያ የሚያደርገው ቆብ ተቀርጿል። ከሥር ቄሳር የተገደለበት ቀን፣ ማርች 15፣ በአጭሩ ተጽፏል። መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ገደልነው፣ ነፃ ወጣችሁ። ታዲያ ፊቱን ገልበጥ ስታደርጉት ማን አለ? ራሱ ብሩተስ! ቄሳር ልማዱን የጣሰበትን ነገር እሱም ደገመው።

በኋላ የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት የሆነው አውግስጦስ ግብጽን ሲይዝ አዞ አስቀረጸ። «ግብጽ ተያዘች» የሚል ጽሑፍም አከለበት። ከዚያ በኋላ ፊቱ በአብዛኛው የንጉሠ ነገሥቱና የቤተሰቡ ሆነ፤ ጀርባው የአማልክት። አማልክቱ የሚለዩት በያዙት ዕቃ ነው። ሰላም የተባለችው አምላክ የወይራ ዝንጣፊ ትይዛለች። ዕድል የመርከብ መምሪያ መቅዘፊያና ፍሬ የሞላበት ቀንድ፣ ፍትሐዊነት ደግሞ ሚዛን። ማንበብ የማይችል ሰውም በምስሉ ይለያቸው ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ብሩ ግን እየሳሳ ሄደ። ንጉሠ ነገሥት ኔሮ እ.ኤ.አ. በ64 ክብደቱንም ጥራቱንም ቀነሰ። በሴፕቲሚዮስ ሴቬሩስ ዘመን የብሩ ድርሻ ወደ ግማሽ ወረደ። በ260ዎቹ መጨረሻ ዲናሩን በተካው ሳንቲም ውስጥ የቀረው ብር ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነበር። ሚዛን የያዘችው ፍትሐዊነት ግን ያን ጊዜም በጀርባው ትቀረጽ ነበር።