«ጎድ» ያለ ልጅ ሕጉ ገብቶታል

ፒያሳ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት እናት ልጇን «ጎድ አይባልም፣ ዌንት ነው! ስንቴ ልንገርህ?» ስትለው ሰማሁ። ልጁ አንገቱን ደፋ። አንጀቴን በላኝ።

ልጁ በእንግሊዝኛ «ሄድኩ» ለማለት «ጎድ» ብሎ የተሳሳተው ሕጉ ስለገባው ነው። አብዛኛው የእንግሊዝኛ ግስ ያለፈ ጊዜን ሲያሳይ መጨረሻው ላይ «ኢ-ዲ» ይጨመርበታል፤ «ፕሌይ» «ፕሌይድ» ይሆናል። «ጎ» (መሄድ) ግን አፈንጋጭ ነው፤ «ዌንት» ይሆናል። «ዌንት» እንዲያውም ድሮ «ዌንድ» የሚባል የሌላ ግስ ያለፈ ጊዜ ነበር። በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ልጆችም «ጎድ» ይላሉ። ብዙዎቹ መጀመሪያ «ዌንት» ብለው በትክክል ይናገሩና ሕጉን ሲይዙ ይሳሳታሉ።

የእኛንም ቋንቋ እዩት። «መጣ» እንላለን፤ ስንጠራ ግን «ና» እንጂ «ምጣ» አንልም። ማንም በሠንጠረዥ አላስጠናንም፤ እየሰማን ለመድነው።

ስለዚህ ረጅም ዝርዝር ከማሸምደድ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ማስያዝ ይሻላል፦ «ሲንግ፣ ሳንግ»፣ «ሪንግ፣ ራንግ»። «ፑት» እና «ካት» ጭራሽ አይለወጡም። ልጁ «አይ ጎድ» ሲል ደግሞ አትቆጡት። «ኦ፣ ዩ ዌንት?» ብላችሁ ወሬውን ቀጥሉ። «ዲድ» ከገባ ግን ግሱ ወደ መነሻ ቅርጹ ይመለሳል፦ «ዲድ ዩ ጎ?»